የቀነስኩት አየር

ወንድሜ ጥዑመልሳን በወደቀ በሦስተኛው ቀን ስልኬን ከፍቼ ቁጥሩን አየሁት። ሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር፣ አሥራ ዘጠኝ ይላል። መሆን የነበረበት ሠላሳ ሁለት ነው።

ቁጥሩ የጎማ አየር ነው። ጥዑመልሳን የሚነዳት ነገር ባለ አንድ ጎማ ኤሌክትሪክ ናት። መሪ የላትም፣ ኮርቻ የላትም፤ ጎማዋ መሀል ላይ ሆኖ እግር በግራና በቀኝ ይቆማል፣ ወደ ፊት ዘንበል ሲሉ ትሄዳለች። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው የገዛት። ቤንዚን በጠፋበት ሰሞን የከተማው ሞተረኛ ሁሉ ማደያ ተሰልፎ ሲውል እሱ እያፏጨ ያልፍ ነበር። ሥራው ኩሌ የስደተኞች ካምፕ ነው፤ ነርስ ነው። ጠዋት የድርጅቱ መኪና ሠራተኞቹን እስከምትጭንበት ቦታ ድረስ ይነዳትና ዘበኛው ዘንድ አስቀምጧት ይሄዳል። ጎሚስታው ሱሌማን «ግማሽ ሞተር» ይላታል። ሌላውን ግማሽ ማን እንደወሰደው ሳይጠይቅ የቀረበት ቀን የለም።

እንዲህ ያለች ነገር አየሯ ሲጎድል ሌላ ጎማ የላትም የሚደግፋት። ለዚህ ሲባል መለኪያ አላት። ቫልቩ ላይ እንደ ክዳን የምትጠመዘዝ፣ የጣት ጫፍ የምታህል ናት፤ ቁጥሩን ወደ ስልክ ትልካለች። የጥዑመልሳን ስልክ አሮጌ ስለሆነ አልተቀበላትም፣ የኔ ተቀበላት። ስለዚህ በየጠዋቱ ከመውጣቱ በፊት በመስኮቴ በኩል «ስንት ነው?» ይለኛል። እኔ ከአልጋዬ ሳልነሳ «ሠላሳ ሁለት» እላለሁ፣ ይሄዳል።

ብዙ ጊዜ ሳላይ ነው የምለው። ሰኞም ሳላይ ነው ያልኩት።

ከዚያ በፊት የነበረውንም መናገር አለብኝ። ቅዳሜ ቀትር ላይ ጥዑመልሳን ተኝቷል፣ ጎማዋ ግቢው ውስጥ ቆርቆሮው አጥር ሥር ፀሐይ ላይ ቆማለች። እኔ ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና አነባለሁ። ስልኬ ይጮኻል። አየሩ ከልኩ በላይ ሆኗል ይላል፤ አጠፋዋለሁ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይጮኻል። ሦስቴ ታገሥኩ።

ከጎሬ ወደ እኛ የሚወርዱ ሹፌሮች አንድ ልማድ አላቸው። ቆላው ሲጀምር መኪናውን ያቆሙና ከጎማዎቹ አየር ይቀንሳሉ፤ የጋምቤላ ሙቀት ጎማ ያፈነዳል ይላሉ። የሱሌማን አባትም እንዲህ ያደርጉ ነበር፣ ሱሌማንም ለመጣ ለሄደው ሁሉ ይህንኑ ይመክራል። በአውራ ጣት ይጫኑታል፣ እንደ ድንጋይ ከሆነ ይቀንሱለታል፣ በቃ። እኔም ወጥቼ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። መለኪያዋን ፈትቼ ቫልቩን በእስክሪብቶ ጫፍ ያዝኩትና ስልኬ ፀጥ ብሎ እንዲያስነብበኝ ብዬ አብዝቼ አስተነፈስኩት፤ መለኪያዋንም ወደ ቦታዋ መለስኳት። ላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነኝ። የጋለ አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ እንደሚወርድ፣ ጎማ መለካት ያለበትም በጠዋቱ ብርድ እንደሆነ የሚያስረዳውን ሕግ በመጀመሪያ ዓመት ተምሬዋለሁ፤ ኤ ነው ያገኘሁበት። ያን ቀን ግን የሹፌሮቹን ሕግ ተከተልኩ፣ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ስለነበረ።

ሰኞ ንጋት ላይ ስልኬ እንደገና ጮኸ። ያው የቅዳሜው ጩኸት መስሎኝ ሳላነበው አጠፋሁት። ከደቂቃ በኋላ ጥዑመልሳን በመስኮት ጠየቀኝ፣ ሠላሳ ሁለት አልኩት።

አስፋልቱ ተቆርሶ የቀረበት ቦታ ላይ ወደቀ። ሄልሜት ባያደርግ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። የግራ እጁ አንጓ ተሰበረ፣ ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ስቶ ነበር። አጠገቡ የነበረችው ዓሣ ሻጭ ብቻ ናት፤ ሲወድቅ አላየችም፣ ድምፁን ሰምታ ስትዞር መሬት ላይ ሆኖ እግሩ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ነገረችን። ራሱን የተመታ ሰው እንዲህ ሊሆን ይችላል። ጥዑመልሳን ግን ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ከውድቀቱ በፊት የነበረችውን ቅጽበት ጨርሶ አያስታውሳትም።

ልጅ ሳለ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ከስድስት ዓመቱ እስከ አሥራ አራት ዓመቱ ይጥለው ነበር፤ ከዚያ ተወው፣ ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው። በቤታችን ግን የበሽታው ስም ተጠርቶ አያውቅም። አባታችን ዘገየ እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን አላነሳውም። እናታችን አልማዜ ለጎረቤት፣ ለአስተማሪ፣ ለቄሱም «ሙቀት ነው የጣለው» ትላለች። ለራሱ ለጥዑመልሳንም የነገረችው ይህንኑ ነው። የበሽታውን ስም ያወቀው ነርስነት ሲማር፣ ከመጽሐፍ ላይ ነው። ያኔ ቤት መጥቶ እማዬን ምንም አላላትም። እኔን ግን አንቺም ታውቂ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

እንግዲህ በዚያው በሦስተኛው ቀን፣ ቁጥሩን ባየሁበት ምሽት፣ አጠገቡ ተቀምጬ ሾርባ እየጠጣ ሳለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተመልሷል» አለኝ።

ምን እንደተመለሰ አልጠየቅሁትም። ቁጥሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ማሳየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ለምን እንዳላደረግሁት ብዙ ምክንያት መደርደር እችላለሁ፤ እውነቱ ፈርቼ ነው። ሳህኑን ተቀብዬው ወጣሁ።

አምስት ቀን ዝም አልኩ። በነዚያ ቀናት እሱ ብቻውን ከቤት መውጣት አቆመ። ሻይ እንኳ ራሱ ማፍላት ተወ፣ እሳት አጠገብ አልሆንም ብሎ። ካምፕ ውስጥ ሕፃን ታቅፎ የሚከትብ ሰው ነው፤ ሕፃን ይዤ ብወድቅስ አለ። እማዬ የሆነውን ሳታውቅ ያቺን ግማሽ ሞተር ሽጣት ትለዋለች፣ እሱም እሺ ይላታል። ለክርክር የሚሆን ጉልበት ያጣ ሰው እሺታ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ነገርኩት። ቅዳሜ አየር እንደቀነስኩ፣ ሰኞ ሳላይ እንደመለስኩለት፣ የጋለው ጎማ በጠዋቱ ብርድ እንደላላ፣ ሁሉን በተራ ነገርኩት። ስልኩንም አሳየሁት። ሳይቆጣ ሰማኝ፤ ሲያበቃ ሳቀ።

«እንደገና ሙቀት ነው?» አለኝ። «አንቺስ ትሻያለሽ ብዬ ነበር፣ አቢጋኤል።»

ቁጥሩ ስልኩ ላይ ተመዝግቦ እንዳለ ብነግረውም፣ መለኪያዋ ስትነካካ ልትሳሳት እንደምትችል ያውቃል፤ ከዚህ በፊትም ተሳስታ አይተናል። ልታጽናኚኝ ነው አለኝ። በሕይወቴ ሰው አጽናንቼ አላውቅም፣ እሱም ይህን ያውቃል፤ ግን እኛ ቤት ያደገ ሰው ደስ የሚል ምክንያት ሲነገረው አያምንም።

የማይራራለት ሰው ያስፈልገው ነበር። በማግስቱ ጎማዋን ባጃጅ ላይ ጫንኩ፣ እሱን አስከተልኩ፣ ሱሌማን ዘንድ ሄድን። ለሱሌማን ምንም አልነገርኩትም። ፍታው ብቻ አልኩት።

ሱሌማን ስለ በሽታው አያውቅም። ጥዑመልሳንን በጀሶው እያሾፈበት፣ ሌላውን ግማሽ ገዝቶ ቢሆን እጁ ይተርፍ እንደነበር እየነገረው ፈታታት። የውስጡን ጎማ፣ ከመነዳሪውን፣ አውጥቶ ነፋውና ውኃ ውስጥ ነከረው። አረፋው ከሁለት ቦታ ወጣ። ሁለት ቀጭን ስንጥቅ፣ ጎን ለጎን፣ አንድ ዓይነት ርዝመት። ከዚያ ጎማው የሚገጠምበትን ብረት፣ ቸርኬውን፣ በጣቱ ዳሰሰና ወደ ውስጥ የጎበጠው ቦታ ላይ ቆመ። ማሾፉን ተወ።

ሚስማር አይደለም አለ። በጎደለ አየር እየሄደ ጠርዝ ሲመታ ቸርኬው ከመነዳሪውን ግራና ቀኝ እንደሚነክሰው፣ ሁለት ጎማ ያለው ቢሆን ዝግ ብሎ እንደሚቆም፣ ይህች ግን ያኔውኑ ሰውየውን እንደምትጥለው አስረዳን። ማንም ቢሆን ይወድቃል አለ።

«ነርስ አይደለህም እንዴ? በላላ ጎማ ትወጣለህ?» አለው ጥዑመልሳንን። «አየሩን ማነው የቀነሰው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ማን ቀንሺ አለሽ?»

«አንተ ነህ ሁልጊዜ የምትለው።»

«እኔ የምለው ለአይሱዙ ነው፣ የኔ እመቤት!» አለ ሱሌማን። ከዚያ የጥዑመልሳንን ፊት አየና ከመነዳሪውን ሰጠው።

ጥዑመልሳን ከመነዳሪውን ተቀብሎ በደህና እጁ አውራ ጣት ስንጥቆቹን ከፈት ዘጋ አደረጋቸው። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ወይም ይሰድበኛል።

«ሠላሳ ሁለት ብለሽኛል» አለ።

«ብዬሃለሁ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«በሦስተኛው ቀን።»

ሱሌማን የሚሠራው ነገር ሳይኖረው ኮምፕረሰሩን አስነሳ። ጥዑመልሳን ጩኸቱ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ባለፈው ዓርብ ለቢሮ ደብዳቤ በሰው ልኮ ማስገባቱን ነገረኝ። ከካምፕ ሥራ አንሱኝ የሚል ነው። ምክንያቱንም ጽፏል፣ በሽታውን በስሙ ጠርቶ። ሐሙስ ብነግረው ኖሮ አይጽፈውም ነበር። ረቡዕ ማታም፣ ሐሙስ ቀኑን ሙሉም ጊዜ ነበረኝ።

ከመነዳሪውን በፌስታል ቋጥሬ ተያይዘን ቢሮ ሄድን። አለቃው አቶ አባንግ በዝግታ የሚናገር አኙዋ ነው፤ አማርኛውን ቃል በቃል እየመዘነ ነው የሚያወጣው። ደብዳቤውን ከፋይል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገው። እኔ ሁለቱን ስንጥቅ አሳየሁት፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን አሳየሁት፣ ያደረግሁትን ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ።

«ጎማው ገባኝ» አለ። «ይህን ወረቀት ግን እኔ ብቻ አላነበብኩትም። ጸሐፊዋ አንብባለች። ሾፌሩም ሳያውቅ አልቀረም፣ ትናንት ጠይቆኛል።» ወደ ጥዑመልሳን ዞረ። «አንተ ምን ላድርግ ትላለህ? ልቅደደው?»

አዎ ይላል ብዬ ነበር። እማዬ ብትሆን ራሷ ነጥቃ ትቀደው ነበር። እኔም ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ሳይ እጄን በላኝ።

«አይቅደዱት» አለ ጥዑመልሳን። «ከአሥራ አራት ዓመቴ ወዲህ እንዳልጣለኝ ይጨምሩበት። ሰኞ የጣለኝ ጎማ እንደሆነም ይጨምሩበት። ሐኪም ያየኛል። ከዚያ ኩሌ ልሂድ ወይ ልቅር ይወስኑ።»

አቶ አባንግ እስክሪብቶ አንስቶ ከደብዳቤው ግርጌ መጻፍ ጀመረ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከጻፈ በኋላ ያነብለታል፣ ጥዑመልሳን ራሱን ይነቀንቃል። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ ፌስታሉን ይዤ ቆምኩ።

ውጭ ስንወጣ ይቅርታ ጠየቅሁት። ጥቂት እንደሄድን ቆመና ቤት አብሮኝ እንደማይገባ ነግሮኝ፣ እማዬ ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ከሰው አፍ ከመስማቷ በፊት እኔ እንድነግራት ጠየቀኝ።

«እንዴት ብዬ?» አልኩት።

«እኔ እንደጻፍኩት» አለና ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ብቻውን ሄደ። ከዘጠኝ ቀን ወዲህ ብቻውን ሲሄድ ያየሁት ያኔ ነው።

እማዬ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። እጇ ላይ የነበረውን እርጥብ አንሶላ እስክትዘረጋው ጠበቅኋት። ከዚያ ከበሽታው ስም ጀመርኩ።