አሥራ ሁለተኛው አልጋ

ዶራ የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች ከአደጋ የማዳኛ ዕቅድ ስትጽፍ ሰባት ደረጃ አድርጋ ነበር ያቀረበችው። ሰባተኛው ሌላ ከተማ ላይ መንታ ማሽን ማቆም ነው፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይቀጥላል። አንደኛው ደግሞ በየሐሙሱ መረጃውን በካሴት ቀድቶ ቅጂውን በመኪና ወደ ገቤስ ከተማ መላክ። ዳይሬክተሩ እንደ ብልህ ሰው ፈገግ ብለው ርካሹን፣ አንደኛውን መረጡ። «ከተማችን ስፋክስ ምን ትሆናለች ብለሽ ነው!» አሉ።

ማክሰኞ የማሽኑ ክፍል ነደደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያኔ ሁሉም ስለ ሰባተኛው ደረጃ ያወራ ጀመር።

ከገቤስ የመጣው ካሴት ያለፈው ሐሙስ ቅጂ ነበርና የተጫነበት አዲሱ ኮምፒውተር ከዚያ ወዲህ የሆነውን አያውቅም። የተወለዱት አልተወለዱም፤ የሞቱት አልሞቱም። ዶራ ከወረቀት እያየች አምስቱን ቀን መልሳ አስገባች። አንድ ወረቀት ብቻ ቀረ፤ እሑድ በአሥራ ሁለተኛው አልጋ ያረፉት የአባቷ የታይብ የሞት ወረቀት። እሱን ቁልፍ ሰሌዳው ሥር ሸጎጠችው። ዛሬን ብቻ፣ አለች በልቧ።

ወጥ ቤቱ ምግብ የሚያወጣው ኮምፒውተሩ በሚሰጠው ስም ዝርዝር ነው። ከምሳ በኋላ የነርሶቹ አለቃ ነጂባ ትሪ ይዛ ገባች።

«ልጄ፣ ለባዶ አልጋ ምግብ የሚያዘው ማነው?»

«ስህተት ይሆናል፣ እትዬ ነጂባ።»

«ስህተትስ ይሁን። የበላው ማነው?»

ሾርባው አልቋል። የዳቦው ቅርፊት ተበልቶ ለስላሳው ተድቦልቡሎ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን እንዲያ ነበር የሚበሉት። በልጅነቷ ድብልብሏን ገፋ አድርገው «ላንቺ ነው» ይሏት ነበር። ዶራ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ፈርታ ትሪውን ከነጂባ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ነጂባ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አላህ ይዘንላቸው፤ ሐዘንሽ ይገባኛል። ግን ኮሪደር ላይ ልቧ የደከመ ሴት ተኝታለች። ኦክስጅን ያለው ባዶ አልጋ እሱ ብቻ ነው። ማሽኑ ሰው አለበት እያለ አልመዘግብም አለኝ፤ ካልተመዘገበች መድኃኒት ቤቱ አይሰጣትም። ትሙትልሽ?»

ዶራ ወረቀቱን አወጣች። የአባቷን ስም ከሟቾቹ ዝርዝር ጽፋ ስትጨርስ ከአሥራ ሁለተኛው አልጋ የመጥሪያ ደወል ጮኸ። ነጂባ ሮጣ በሩን ከፈተች፤ አልጋው ባዶ ነው። ደወሉ ግን አላቆመም።

«ባባ፣ ይቅር በሉኝ» አለች ዶራ ጮክ ብላ፣ የማጽደቂያውንም ቁልፍ ተጫነች።

ደወሉ ቀጥ አለ። ሴትየዋን እየገፉ አስገቧት።

ትሪው ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ዶራ ድብልብሏን ዳቦ አነሳች። እጅ ውስጥ እንደቆየ ነገር ሞቅ ብላለች። እያለቀሰች በላቻት።