የሚያዝያ ሃያ ሦስት ወፍ

ስልኬ ላይ የምከታተለው አንድ ቻናል አለ። ባለቤቱን አላውቀውም፤ የት እንደሆነ እንጃ፣ በየማለዳው የዓለምን ሰላዮች ዓመት በዓል ይለጥፋል። በዚህ ቀን እገሊት የምትባል ሰላይ ተረሸነች፣ በዚህ ቀን እነ እገሌ ድልድይ ላይ እስረኛ ተለዋወጡ፣ በዚህ ቀን ስልክ ለመጥለፍ ከመሬት በታች የተቆፈረ ዋሻ ተገኘ። ሌላው የእኔ ቢጤ ሽማግሌ ሱብሒ ሰግዶ ቁርኣኑን ይገልጣል፤ እኔ መነጽሬን ሰክቼ ይህንን አነባለሁ። ባለቤቴ ሙሀባ ከሞተች አምስት ዓመት ሆናት። ከልጆቼ አንዷ ኩዌት ናት፣ አንዱ ደሴ ነው። ቤት ውስጥ «ምን እያነበብክ ነው?» የሚለኝ ሰው የለም።

ዘንድሮ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ማለዳ የለጠፈው ስለ አንድ አሜሪካዊ አብራሪ ነበር። በዛሬዋ ዕለት፣ በ1952፣ ፎቶ ሊያነሳ በሶቪየት ሰማይ ላይ ሲበር አውሮፕላኑ ተመትቶ ወደቀ። ተያዘ፣ ተፈረደበት፣ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ድልድይ ላይ በሌላ ሰላይ ተለውጦ ነፃ ወጣ። ስልሳ አምስት ዓመት ሆነ ይላል። አራት መቶ ሰው ላይክ አድርጎለታል። እኔ ግን በገዛ ቤቴ ብቻዬን ተቀምጬ ተናደድኩ። ትልቅ ሰላይ መሆን ምን አለበት! ይያዛል፣ ይፈረድበታል፣ ነገሩ ያልቅለታል። የትንሹን ሰላይ ቀን የሚለጥፍ የለም። የእኔም ቀን ሚያዝያ ሃያ ሦስት ነው። ዘንድሮ አርባ ዓመት ደፈነ፤ እስካሁን የያዘኝ ሰው አልነበረም።

በ1977 የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፣ የቀበሌ ጸሐፊ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰኞ ሰኞ፣ ከላይ የሚመጣ የፀጥታ ሰው ነበር። ቁጣ አያውቅም፤ ፈገግ ብሎ «እህ ኑርዬ፣ ምን ሰማህ?» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር የሚሰማ ነገር አልነበረም። የሸዋ ሮቢት ሰው ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሽንኩርቱና ስለ መስኖ ተራው እንጂ ስለ ሌላ አያወራም። ሦስት ሳምንት ባዶ እጄን ሄድኩ። በሦስተኛው፣ የታናሽ ወንድሜ ስም ከብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ሹክ አለኝ። «የሚረዳን ሰው ወንድም ግን ሊታይለት ይችላል» አለና ሄደ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ወዳጃ ነበረን። ሰው ጫቱን ይዞ ተሰብስቦ ዱዓ ያደርጋል፤ ጭንቅ ያለበት ጭንቁን በሁሉም ፊት ያወጣል፣ ሼሁ ይመርቃሉ፣ ሌላው አሚን ይላል። እዚያ የተነገረ እዚያው ይቀራል፤ ይህንን ሕፃን እንኳ ያውቃል። የሰፈራችን ሰው የሰዲቅ ሚስት እትዬ ዘምዘም ተነሣችና «የወጣው ልጄ ፈይሰል በሰላም እንዲመለስልኝ ዱዓ አድርጉልኝ» አለች። የት እንደሄደ አልተናገረችም፣ ማንም አልጠየቃትም። እኔም አሚን አልኩ፤ ያውም ጮክ ብዬ። ሰኞ ዕለት ለሰውየው «የሰዲቅ ልጅ ወንበዴዎቹ ጋ ገብቷል፣ የላከውም አባቱ ነው» አልኩት። መሄዱን ከእሷ ሰማሁ፣ የሄደበትን ከራሴ ጨመርኩ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ የላብ አደሮች ቀን ነበር። ሰዉ ሁሉ መፈክር ይዞ ሰልፍ ወጥቷል። ሰዲቅን ከሰልፉ መሃል ጠርተው ወሰዱት፤ ሬሳውም አልመጣ። ወንድሜ አልዘመተም፣ ዛሬ አዳማ ይኖራል፣ ለዒድ ለዒድ ይደውልልኛል። ፈይሰል ከሁለት ዓመት በኋላ ከጅዳ ደብዳቤ ጻፈ። ለካ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ የሰው ፍየል ይጠብቅ ኖሯል።

ይህ አንዱ ኃጢአቴ ነው። ሁለተኛው ይብሳል።

ቅሬአችን፣ ማለት እድራችን፣ ሰዲቅ በተወሰደ በሳምንቱ በድብቅ አውጫጭኝ ተቀመጠ። አውጫጭኝ ላይ ወንድ ሁሉ ተራ በተራ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጠጋ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። የተናጋሪው ስም አይጠራም፤ «ወፍ ነገረችን» ነው የሚባለው። ወፏ ራሷ ካልተናገረች በቀር ማንም አይገልጣትም። ተራዬ ሲደርስ ምንም አላየሁም ብል የሚጠረጥሩኝ መሰለኝ። ቃሲም የሚባል የሰፈራችን ሰው በዚያ ሰኞ ጧት ቀበሌው በር ላይ ቆሞ አይቼው ነበር፤ ስኳር ሊወስድ ነው የተሰለፈው። «ሰኞ ጧት ቃሲምን ቀበሌ በር ላይ አየሁት» አልኩ። ስለ ስኳሩ አላነሳሁም።

ቃሲም ተንተባታቢ ነበር። ሲጠይቁት «እኔ... እኔ...» እያለ ቀረ፤ ጥፋቱ አፉን ያዘው አሉ። ቅሬው አስወጣው። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ሰላምታው አይመለስለትም፣ ሲሞትም ጥሩምባ አይነፋለትም። ሚስቱ ልጇን አዝላ ወደ ወላጆቿ ገባች። እሱ ከከተማው ወጥቶ ሮቢ ወንዝ ዳር ጎጆ ቀለሰና የሽንኩርት ማሳ ጠባቂ ሆነ። እኔስ? እኔማ ጭምት፣ ቁምነገረኛ ተባልኩ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ የቅሬው ዳኛ አደረጉኝ። ገበያ መሃል ስንገናኝ ቃሲም «አሰላሙ አለይኩም» ይለኛል፤ ዝም ብዬ አልፋለሁ። ሕግ አስከባሪው ዳኛ ሕግ ላፍርስ እንዴ!

ሙሀባ የተቀበረች ዕለት መቃብሩ ማዶ፣ የአስፋልቱ ዳር ቆሞ አይቼዋለሁ። መጠጋት አይችልም። እጁን ዘርግቶ ብቻውን ዱዓ አደረገላትና ሄደ። የዚያን ዕለት ልናገር አስቤ ነበር፤ ልጆቼ አጠገቤ ስለቆሙ አፈርኩ።

እትዬ ዘምዘም የባሏ መቃብር ስለሌላት፣ የተወሰደበትን ቀን ቆጥራ በየዓመቱ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ሰደቃ ታወጣለች። እኔ አንድም ዓመት ቀርቼ አላውቅም፤ ብቀር ለምን ቀረ ይባላላ። ዘንድሮም ቻናሌን አንብቤ፣ ተናድጄ፣ ነጭ ጀለቢያዬን ለብሼ በባጃጅ ሄድኩ። ዳሱ ሥር ሃምሳ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ሙቀቱ ሸራውን አልፎ አናት ይበሳል። እንደተለመደው ዳኛ ይለፍ ተብሎ ከፍ ያለው ቦታ ተለቀቀልኝ። ሥጋው ቀርቦ ገና እጃችንን ስንታጠብ ጌታቸው መጣ። ጌታቸው ቃሲም የሚጠብቀው ማሳ ባለቤት ነው፣ ክርስቲያን። ኮፍያውን አውልቆ ዳሱ ጫፍ ላይ ቆመ።

«ጋሽ ኑርዬ፣ ሰደቃችሁን አቋረጥኩ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። «ጋሽ ቃሲም ዛሬ ጧት አርፈዋል። የእኛ እድር እንቅበራቸው ብሏል፤ ጉድጓድም እንቆፍራለን። ግን አጠባውንና ስግደቱን እኛ አናውቀውም። በዚህ ሙቀት ሬሳ አያድርም። ሰው ስጡኝ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አፌ ከሐሳቤ ቀደመና «ሞቶ የለ፣ ከሞተ ጋር ቂም ምን ያደርጋል? ለአላህ ብለን እንቅበረው» አልኩ። ጉምጉምታ ተነሣ። «ማሻአላህ፣ ዳኛችን ልበ ሰፊ ነው» አለ አንዱ። «እሱ ሆኖ ነው እንጂ» አለ ሌላው። ጣፈጠኝ! አላፍርም እናገራለሁ፣ ጣፈጠኝ። ቃሲም ይቀበራል፣ እኔም በደግነቴ እመሰገናለሁ፣ ነገሩም አብሮት አፈር ይለብሳል ብዬ አሰብኩ።

እትዬ ዘምዘም ከሴቶቹ መካከል ምርኩዟን ይዛ ተነሣች። ሰማንያን አልፋለች፤ ስትቆም ሁለት ሴቶች ደገፏት።

«በሰዲቅ ቀን?» አለች። «የሰዲቄን ሥጋ በልታችሁ፣ ያስበላውን ሰው ልትሸከሙ? ወላሂ እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህ ዳስ ተነሥቶ የሚቀብረው የለም። ሰዲቅን ማን ቀበረው?»

ሊነሣ ጉልበቱን ያጠፈው ሰው ተመልሶ ተቀመጠ። ጌታቸው ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ እኔን ያየኛል። ጥላው ከእግሩ ሥር ነበር፤ ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሆኗል። ቃሲም ጎጆው ውስጥ ተጋድሞ የሚያጥበው ሰው እየጠበቀ ነው። አርባ ዓመት ስሸሽ ኖሬ የምሸሽበት አለቀብኝ።

«እትዬ ዘምዘም፣ ቃሲም አይደለም» አልኩ። «ለፀጥታው ሰው የነገርኩት እኔ ነኝ። አውጫጭኙ ላይም ወፏ እኔ ነበርኩ። ቃሲም የዚያን ቀን ስኳር ሊወስድ ነበር የተሰለፈው። አላህ ምስክሬ ነው።»

እጅ ማስታጠቢያው ከያዘችው ልጅ እጅ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስታወስ ያቅተኛል። አንዱ ጀለቢያዬን ጨምድዶ ያዘኝ፣ ሌላው አላቀቀው። ከእኔ ሥር የቅሬው ጸሐፊ የሆነ ሰው አለ፣ ሁልጊዜ አንቱ የሚለኝ። እሱ ነው ትእዛዝ የሰጠው፦ ጥሩምባው ይነፋ፣ ቃሬዛው ይምጣ፣ ከፈኑ ይገዛ፣ ሁሉም ወንድ ይውጣ። ልነሣ ስል «አንተ ቁጭ በል፤ ቃሬዛውን እንዳትነካ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ጥሩምባው ከአስፋልቱ ዳር ተነፋ፣ የጭነት መኪኖቹን ድምፅ አልፎ ተሰማ። አርባ ዓመት ከቅሬው ወጥቶ ለኖረ ሰው ደጋግመው ነፉለት። ሥጋው በየሰሃኑ እንደቀረበ ቀረ።

ወንዶቹ ሄዱ። ሴቶቹ ወደ ጓሮ ገቡ። ዳሱ ሥር እኔና እትዬ ዘምዘም ብቻ ቀረን፣ እሷ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። በምርኩዟ መትታኝ ብትሄድ ደስ ይለኝ ነበር።

«ልጄ መሄዱን ከማን ሰማህ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ዓይኔን የቀዘቀዘው ሥጋ ላይ ጣልኩ።

«ሰዲቅ አፍሽን ዝጊ ብሎኝ ነበር። ለእናቴ እንኳ አልተናገርኩም። አንድ ቀን ብቻ ጭንቄ በዝቶብኝ ወዳጃ ላይ ዱዓ አስደረግሁ። ሲወስዱት ወዲያው ያሰብኩት ያንን ነው፤ በአፌ ገደልኩት ብዬ። ቃሲም ነው ሲሉኝ ግን እፎይ አልኩ። ለምን በለኝ። ቃሲም በዚያ ወዳጃ አልነበረማ! ያን ቀን ታሞ ተኝቶ ነበር። ስለዚህ ከዱዓዬ አልሰማም ብዬ ነው አርባ ዓመት እንቅልፍ የወሰደኝ።» በምርኩዟ ወደ እኔ ጠቆመች። «አንተ ግን ነበርክ። አጠገቤ ነበርክ። አሚን ስትል ሰምቼሃለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ቃሲምን ነፃ ሳወጣ በእሱ ቦታ እሷን አስሬያታለሁ። ዛሬ ማታ በምን ትተኛለች? ነገስ? እውነት ተናግሬ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ እንዲያውም ያን ጊዜ አልቅሼ ሁሉንም ልነግራት ፈልጌ ነበር። ፊቷን አየሁት። የምትለምነኝ ይመስል ነበር።

«ከእርስዎ አልሰማሁም» አልኳት። «ጆሮዬ ሌላ ጋ ነበር። ጎረምሳ ነበርኩ፣ ጫቱን እንጂ ዱዓውን አልተከታተልኩም። ሰው ሁሉ አሚን ሲል አሚን አልኩ። ስም አምጣ ብሎ ሲያስጨንቀኝ የሰዲቅ ስም አፌ ላይ መጣ። ከራሴ ፈጠርኩት። የሌላ ሰው ስም ሊመጣ ይችል ነበር።»

«ፈጠርከው?»

«ፈጠርኩት።»

«ልጄ መሄዱን ሳታውቅ?»

«ምንም ሳላውቅ።»

ቀና ብላ አየችኝ። አምናኝ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የሰውን ፊት ማንበብ የምችል ይመስለኝ ነበር፣ የእሷን ግን አልቻልኩም። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ፤ ምርኩዟን ጭኗ ላይ አስተኛችው።

«አንተማ ከሰይጣን ትብሳለህ» አለችኝ። «የሰማ ሰው ይሻላል። የሰማ ሰው ቢያንስ ሰምቶ ነው። አላህ ይይልህ!»

«እሺ» አልኩ።

«ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ።»

ተነሣሁ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልላት ከንፈሬ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ባልሠራሁት መንገድ ጠልታኝ፣ በሠራሁት ማረችኝ ብል ምን ትርጉም አለው? ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ወደ ቀብሩ የሚሄደው ሰው አስፋልቱን ሞልቶ ባጃጆቹ ቆመው ያሳልፉታል። እኔ በተቃራኒው፣ በጥላ በኩል ወደ ቤቴ ሄድኩ። እናገር ነበር፣ ግን ለማን? ሙሀባ የለች፣ ልጆቼ ከሰው ይሰሙታል። ስልኬን አውጥቼ ቻናሉን አጠፋሁት። በሚመጣው ዓመት ሚያዝያ ሃያ ሦስት የት እንደምውል ገና አላወቅሁም።