ከምሳ በኋላ ገጹን የሚያይ ሰው

የቀለም ፋብሪካው ሲዘጋ ከላብራቶሪው የወጣው የመጨረሻ ሰው እሱ ነበር። ሚዛኖቹን አጠፋ፣ የናሙና ጣሳዎቹን ክዳን አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረገ፣ በሩን ቆለፈ። ተመልሶ የሚከፍታቸው እንደሌለ ያውቃል፤ ግን ክዳኑ ያልተገጠመ ቀለም ትቶ መሄድ አይሆንለትም። ባልደረቦቹ በዚህ ጠባዩ «ጠብታ» ይሉት ነበር። አንድ ጠብታ ከልክ በላይ ገባ ብሎ ሙሉ በርሜል ይመልስባቸው ነበርና።

አሁን ያ ጥንቃቄ ሁሉ ያረፈው ባለሙያዎች ሥራ በሚፈልጉበት ድረ ገጽ ላይ፣ በራሱ ገጽ ላይ ነው። ገጹን እንደ ናሙና ያዘው። አንድ ነገር ይቀይራል፣ ይጠብቃል፣ ውጤቱን ያያል። «የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ» የሚለውን «የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ» አደረገው፤ ለውጥ የለም። ፎቶውን አውርዶ ክራባት ያሰረበትን ሰቀለ፤ ለውጥ የለም። በማያውቃቸው ሰዎች ጽሑፍ ሥር «እጅግ ጠቃሚ ሐሳብ ነው» እያለ ጻፈ፤ ሹመት ላገኘ ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አለ። ከሥራ መባረር ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚጽፍ አንድ አሠልጣኝ ነበር፤ ጥርሱን ነክሶ እሱንም አመሰገነ። ማመልከቻ የላከላቸው ድርጅቶች ግን ገሚሶቹ ዝም አሉት፤ ገሚሶቹ ከአንድ እጅ የወጣ የሚመስል መልስ ላኩለት። ሁሉም መጨረሻው ላይ መልካም ዕድል ይመኙለታል።

ሚስቱ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። አንድ ምሽት የልጃቸውን ፀጉር እየጎነጎነች፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ የቤቱ ኪራይ ውል በወሩ መጨረሻ እንደሚያልቅና በእሷ ደመወዝ ብቻ ሊታደስ እንደማይችል ነገረችው። እስከዚያ ሥራ ካልተገኘ እሷና ልጅቷ እናቷ ጋ ይገባሉ። እናቷ ቤት ያለው ትርፍ አልጋ አንድ ነው። እሱ የት እንደሚገባ አልተናገረችም፤ እሱም አልጠየቀም።

በዚያው ሳምንት ስልኩ ላይ አንድ መልእክት መጣ። «በመድኃኒት ፋብሪካው የሚሠራ አንድ ሰው ገጽዎን ተመልክቷል» ይላል። ስም የለውም፤ የተመልካቹን ስም ድረ ገጹ የሚያሳየው ለሚከፍል ሰው ብቻ ነው። የመድኃኒት ፋብሪካው በእሱ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ የሚመኘው ቦታ ነው። ታላቅ እህቱ እዚያው ትሠራለች፤ በሠራተኞች ካፌ ምሳ ታድላለች። አማልጂኝ ሊላት አስቦ ነበር፤ ምግብ አዳይ ብትጠይቅ ማን ይሰማታል ብሎ ተወው።

በማግሥቱ ያ ሰው እንደገና አየው። በሦስተኛውም ቀን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ሥርዓት ታየው፤ ሰውዬው የሚመጣው ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ነው፣ እሑድ ደግሞ ፈጽሞ አይመጣም። እሑድ ካላየ የሚያየው ለሥራው ነው ማለት ነው። በሐሳቡ ሰውዬውን ሣለው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ የክፍል ኃላፊ ነው፣ ከምሳ ተመልሶ የዕጩዎቹን ገጽ ይከፍታል፣ የሁሉንም አይቶ እሱ ጋ ሲደርስ ይቆያል።

ግምት ብቻውን አይበቃውምና ሞከረው። ሳምንት ሙሉ ገጹ ላይ ምንም ሳይጽፍ፣ አንዲት ፊደል ሳይነካ ቆየ። እይታው አልቀረም። የቀለም ላብራቶሪ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይህ ውጤት ያነቃው ነበር፤ ምንም ሳይጨመርበት መልኩ የሚለወጥ ነገር ካለ ምክንያቱ ከጣሳው ውጭ ነው። ለራሱ ጉዳይ ሲሆን ግን እንዲህ አላሰበም። ምንም ሳልጨምር ካዩኝ የፈለጉት እኔን ራሴን ነው አለ።

አንዲት ሳሙና ሠሪ የጻፈችለት በዚህ መሀል ነው። ገጿ ፎቶ የለውም፤ ሥራ በሚለው ቦታ «ሳሙና» ብላ አልፋለች። መልእክቷም እንደዚያው ነበር። ጤና ይስጥልኝ፣ ሳሙና እንሠራለን፣ ሶዳው እየበዛ እጃችንን ላጠው ብለው ደንበኞች ተማረሩ፣ የሚለካልን ሰው እፈልጋለሁ፣ ቀለም ፋብሪካ ነበሩና ይሆንልዎታል ወይ፣ ሰኞ ቢጀምሩ።

ሚስቱ ከትከሻው በላይ አንብባ ዛሬውኑ ሂድ አለችው።

«ሳሙና ቤት ገባሁ ብዬ ገጼ ላይ ከጻፍኩ እነዚያ ይተዉኛል» አላት።

«አትጻፈዋ።»

«ሠራተኛ ሆኜ ሥራ ፈት ነኝ ልበል?»

«የቆጡን አወርድ» ብላ ጀመረችና ተወችው። ቀሪውን ሁለቱም ያውቁታል።

ለሳሙና ሠሪዋ በተጣራ ቋንቋ መለሰላት። ስላሰቡኝ ከልብ አመሰግናለሁ፣ ዕድሉን በጥሞና መርምሬ በቅርቡ አሳውቅዎታለሁ። እሷ በአንድ መስመር ጨረሰችው፤ «የምፈልገው ለሰኞ ነው» አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ። ከመድኃኒት ፋብሪካው ሦስት ሰዎች፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተከታትለው፣ ገጹን አዩት። ስልኩን ይዞ ሚስቱ ጋ ሄደ። ኮሚቴ ተቀምጦበታል ማለት ነው አላት። አየችው፤ ሦስቱንም መስመር አነበበች። ከዚያ ፈገግ አለች። ይህን ፈገግታ ካየው ቆይቷል፤ አንዱ ጥርሷ በሌላው ላይ ትንሽ መደረቡን እንኳ ረስቶት ነበር። ሰኞን ለሳሙና ሠሪዋ ሳይመልስ ያሳለፈው ስለ ፋብሪካው ብሎ ብቻ አይደለም። ያቺ ጥርስ እንዳትከደን ፈርቶ ነው።

ማክሰኞ «ሰው አግኝቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» የሚል መጣለት።

የወሩ መጨረሻ ሲቀርብ መታገሥ አቃተው። ለፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ በድረ ገጹ በኩል ጻፈ፤ ገጼን እየተመለከታችሁ መሆኑን አውቃለሁና ለቃለ መጠይቅ ዝግጁ ነኝ አለ። መልሱ ትሕትና ያልጎደለው ነበር። ላብራቶሪው ዘንድሮ አዲስ ሰው አይቀጥርም፤ ገጽዎን ተመለከታችሁ ላሉት፣ ከእኛ ክፍል የተመለከተ የለም። መልሱን ለሚስቱ አላሳያትም። ሌላ ክፍል ይሆናል ብሎ ራሱን አሳመነ። ጎርፍ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል።

እሑድ እህቱ መጣች። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እትዬ ነው የሚላት። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበር ላይ ዘረጋች፣ ልጅቷን አገላብጣ ሳመች፣ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች።

«እስቲ ይሄን እይልኝ አንተዬ። ማን እንዳየሽ ለማወቅ ብር ክፈይ እያለ ይነዘንዘኛል። እኔን ማን አባቱ ነው የሚያየኝ? ዝም አሰኝልኝ።»

ስልኩን ተቀበላት። ያው ድረ ገጽ ነው። በፎቶ ፋንታ ጽጌረዳ፣ ከጽጌረዳው ሥር የመድኃኒት ፋብሪካው ስም።

ማን ከፈተልሽ አላት። የከፈተችላት የካፌው ሒሳብ ተቀባይ መሆኗን፣ የእሱንም ገጽ ያገኘችላት ያቺው ልጅ መሆኗን ነገረችው። እህቱ የተጻፈው ሁሉ አይገባትም፤ ግን ታነበዋለች። ምሳ ተበልቶ ሣህን ሲሰበሰብ፣ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ቁጭ ትልና የወንድሟን ፎቶ ታያለች። ሒሳብ ተቀባይዋ ብዙ ሰው ያየው ገጽ ከፍ ይላል፣ አለቆች ዓይን ውስጥ ይገባል ብላታለች። እሷም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም።

«ሁለቱን ዕቃ አጣቢዎች አስከፈትኳቸው። ሰነፎች ናቸው፣ ካልጎተጎትኳቸው አያዩልህም። ያለፈው ቅዳሜ ግን ሦስታችንም ወጥረን አየንልህ» አለችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ፊቱን አየች። «ጠቀመህ?»

ሚስቱ ጥግ ላይ ልብስ ታጥፍ ነበር። የልጅቷ ሹራብ አንድ እጅጌው ታጥፎ፣ ሌላው ተንጠልጥሎ እጇ ላይ ቀረ። እንደዚያው እንደያዘችው ወደ ጓዳ ገባች፤ ልጅቷም ተከተለቻት።

የእህቱን ጣቶች አየ። እንፋሎትና ሙቅ ውሃ ጫፋቸውን ሰነጣጥቆታል።

«ጠቅሞኛል፣ እትዬ» አላት።

መረቀችው። ምርቃቱ እስኪያልቅ ጠበቀ፤ አሜን አለ። ቀጥሎ እናንተ ጋ የጉልበት ሥራ ይኖር ይሆን ብሎ ጠየቃት። ለጎረቤት መስሏት ለማን ነው አለችው።

«ለእኔ» አላት።

ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ የሳሙናውን ነገር፣ ከፋብሪካው የመጣለትን መልስ፣ የወሩን መጨረሻ፣ አማቱ ቤት ያለውን አንድ አልጋ። አላለቀሰችም። የዘረጋችውን እግር ሰብስባ ጫማዋን እንደገና አጠለቀች።

«እኔ ነኝ እንጀራህን የዘጋሁት» አለች።

«አይደለሽም።»

«ነኝ። ዝም በል።»

መጋዘኑ ሣጥን የሚሸከም ሰው እንደጎደለው ነገረችው። አለቃውን ታውቀዋለች፤ ነገ ጠዋት ብትጠይቀው እንቢ አይላትም። ችግሩ ሌላ ነው። ካፌው ውስጥ የእሱን ፎቶ ያላየ ሰው የለም። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዛው ዞራለች፤ ወንድሜ ነው፣ ኬሚስት ነው፣ ዛሬ ነገ ላብራቶሪያችሁን ይመራላችኋል ብላለች። ጥበቃው አይቶታል፣ ሾፌሮቹ አይተውታል፣ የላብራቶሪው ልጆች ሳይቀሩ ስልኳ ላይ ተደፍተው አይተውታል።

«ያውቁኛላ» አላት።

«አይለዩህም። ፎቶው ላይ ጉንጭ ነበረህ።»

ለአለቃው ወንድሜ ነው እንደማትለው፣ ጎረቤት ነው እንደምትለው ነገረችው። «ለአንተ ብዬ ነው። ሣጥን ተሸክመህ ስታልፍ እንዲስቁብህ አልፈልግም» አለች። ለእሱ ይሁን ለእሷ፣ ሁለቱም አልመረመሩትም። በኋለኛው በር ግባ አለችው፤ ሰላም እንዳትለኝ፣ እኔም አልልህም።

ከጓዳ የልጅቷ ድምፅ ይሰማል፤ እናቷን አንድ ነገር እየደጋገመች ትጠይቃለች። እሱ እንደ ልማዱ በዕቅዷ ውስጥ የቀረች ቀዳዳ ካለች ፈለገ፤ አገኛትም።

«ምሳ የምታድዪው አንቺ አይደለሽ?»

እህቱ የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች።

«መስኮቱ ሁለት ነው። እኔ በግራው ነኝ። አንተ በቀኙ ተሰለፍ።»

«በቀኙ ማን አለ?»

«አንዷ አለች። እጇ ይሰስታል» አለች። ዓይኗን ከእሱ ላይ አነሳች። «ጨምሪልኝ እንዳትላት። የሰጠችህን ተቀብለህ ሂድ።»

«እሺ፣ እትዬ።»