የአባቴ ሪዝና የውሃው ቫርኒሽ

አባቴ የቶርኖ ባለሙያ ነው። እንጨቱን ማሽኑ ላይ አስሮ ያዞርና በመሮ ነካ ነካ ሲያደርገው፣ የወንበር እግር ወይም ሳህን ሆኖ ይወጣል። በሁለት ነገር ይኮራ ነበር፤ በሪዙና በቫርኒሹ። ሪዙ ከሠርጉ በፊት ጀምሮ ምላጭ ያልነካው፣ ጫፉ እንደ በሬ ቀንድ ሽቅብ የታጠፈ ነው። ቫርኒሹ ደግሞ በአኳራጅ የሚቀጥነው የድሮው ዓይነት፣ ክዳኑ ሲነሳ ጎረቤት የሚያስነጥሰው።

እናቴ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። ኩሽናዋ ከሥራ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ምግቡ ሁሉ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ሲላት ጊዜ፣ አንድ ቀን ወጥታ በአኳራጅ ሳይሆን በውሃ የሚቀጥነውን አዲሱን ቫርኒሽ ገዝታ መጣች።

አባቴ ቆርቆሮውን ከፍቶ አየና፣ "ወተት ነው እንዴ የገዛሽው?" አላት።

"ሲደርቅ ይጠራል። አይሸትም፣ እንጨቱንም ቢጫ አያደርግም።"

"ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ!"

እንዲያ አለ እንጂ ክዳኑን አልመለሰውም። እናቴን መሟገት እንጂ መርታት እንደማይቻል ያውቃል።

ለእኔ ቤት በሠራው ትንሽ ጠረጴዛ ጀመረ። በለመደው እጁ ብሩሹን ወዲያ ወዲህ አመላለሰው። አዲሱ ቫርኒሽ ግን ዞር ሳይሉ የሚደርቅ ነውና የብሩሹ መስመር እንዳለ ቀረ። በዚያ ላይ ውሃ የነካው እንጨት ፀጉሩ ቆመ። መዳፉን አሳልፎበት፣ "ነይማ ንኪው፣ የድመት ምላስ!" ብሎ ጠራኝ። በገዛ ሥራው መበላሸት እንዲህ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ የቆርቆሮውን ጀርባ አነበበች። "በስሱ ቀባው፣ አትደጋግም። ሲደርቅ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሸት አድርገህ፣ አቧራውን ጠርገህ፣ ድገም ይላል።"

"አትደጋግም ይልና ድገም ይላል? መጀመሪያ እሱ ራሱ ይወስን!"

እያጉረመረመ እንደተባለው አደረገ። በመጨረሻ ጠረጴዛው ጥርት ብሎ ለሰለሰ። በመዳፉ ዳበሰውና፣ "እጄ ነው እንጂ ቫርኒሹማ..." አለ።

ልቡ ያበጠው ከዚያ ወዲህ ነው። ቶርኖው ላይ የታሰረ ትልቅ የፍራፍሬ ሳህን ነበረው። ቫርኒሹን በጨርቅ ወፈር አድርጎ ቀባውና፣ እየዞረ እኩል እንዲደርቅ ብሎ ማሽኑን አስነሳ። ፍጥነቱን መቀነስ ረስቷል። ቱፍፍ! ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ መነጽሩ ሁሉ ነጭ ነጠብጣብ ለበሰ። እርጥብ ጨርቅ ይዞ እየሳቀ ግድግዳውን ወለወለ። "አየሽ፣ ይሄ ይሄስ ደግ ነው፣ በውሃ ይለቃል!" አለኝ። ሪዙን ያስታወሰው ግን የለም።

ቤት ሲገባ ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ሪዙ እምቢ አለ። እናቴ ቀረብ ብላ በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። ቀጭ ቀጭ አለ።

"ደርቋል" አለች። "ጠርቷልም።"

ሳሙና ተሞከረ፣ ለብ ያለ ውሃ ተሞከረ፣ ዘይትም ተሞከረ። ቫርኒሹ አንዴ ከደረቀ በኋላ ውሃ አይበግረውም።

"በብርጭቆ ወረቀት አሸት ላድርገው?" አለችው። እኔ ለመሳቅ በረንዳ ወጣሁ።

ስመለስ ወንበር ላይ አስቀምጣው መቀስና ምላጭ ይዛለች። "አይዞህ፣ ተንፍስ፣ ትንሽ ነው የቀረው" ትለዋለች፣ ምጥ የያዛት ሴት ይመስል። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ የወንበሩን እጀታ ጨብጧል። የመጨረሻው ጠጉር ሲወርድ፣ ከላይኛው ከንፈሩ ጥግ ማናችንም የማናውቃት ትንሽ ጥቁር ነጥብ ብቅ አለች። እናቴ ምላጩን እንደያዘች ቆመች።

"ይሄን ሁሉ ዘመን ይሄንን ነው የደበቅከኝ?"

"እኔስ መች አየሁት?" አላት አፍሮ።

በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ነካችው። እኔ ሥራ ቤት የረሳሁት ነገር ያለ አስመስዬ ወጣሁ።

ለጎረቤት ሁሉ "ሙቀቱ ነው" እያለ ሰነበተ፤ እናቴም አላጋለጠችውም። ሪዙን መልሶ ሊያሳድግ ጀምሮም ነበር። ጥላ ጥላ ማለት ሲጀምር ግን እናቴ ምላጩን ይዛ፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠግታ "ና፣ ተቀመጥ" አለችው። ተቀመጠ።