ብስክሌቴና የእማሆይ ወለተ ሐና ቀብር

አባቴ ቄስ ገብረ ጻድቅ ስለ ብስክሌቴ ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ! የሚቆጣ ሰው እኮ ይታረቃል። ዝም የሚል ሰው ምን ይደረጋል? ከሥራ ተመልሼ ብስክሌቷን ግድግዳ ላይ ሳስደግፍ ቀና ብለው ያያሉ፣ ከዚያ ወደ ዳዊታቸው ይመለሳሉ። በቃ።

እኔ ከሰቆጣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ብስክሌቷን ወንድሜ ኤርምያስ ባሕር ዳር ሥራ ሲያገኝ ጥሎልኝ ሄደ። ከባድ ናት፣ ማርሽ የላትም፣ ካቴናዋ እየወለቀ ስንት ቀን አስለቅሶኛል። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በሷ ዳገት የወጣ ሰው እግሩ ሌላ ነው።

ከሦስት ወር በፊት የሴቶች የብስክሌት ውድድር ሊደረግ ነው ሲባል ተመዘገብሁ። ከአንድ እስከ ሦስት የሚወጡት ለክልሉ ውድድር ባሕር ዳር ይሄዳሉ፤ እውነተኛ የውድድር ብስክሌት የሚሰጠውም ለነሱ ብቻ ነው። ዕድሜ ከሃያ ሦስት በታች። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆኖኛል። ለከርሞ «አርጅተሻል» ልባል ነው እንግዲህ። ከዘንድሮ ሌላ ዕድል የለኝም፤ ይህንን አባቴም ያውቃሉ፣ እራት ላይ ለእናቴ ስነግራት ተቀምጠው ሰምተዋል። ጉርሻቸውን ጎርሰው ተነሡ።

የውድድሩ ቀን ጠዋት መስቀላቸውን ልሳለም ስል የሉም። «እማሆይ ወለተ ሐና ሌሊት ዐርፈዋል፤ ተጠርተው ሄዱ» አለችኝ እናቴ። ነፍስ ይማር አልሁ፤ ግን ምን እዋሻለሁ፣ ተናደድሁ። «እግዚአብሔር ይከተልሽ» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ደጃፍ ላይ ቆመው ቢሉኝስ ምን ነበረበት?

ሰቆጣ ስታዲየም ውስጥ አሥራ አንድ ሆነን ተሰለፍን። ከአምደወርቅ የመጣችው ፀጋ ባለማርሽ ብስክሌት ይዛለች፣ ጓንት አጥልቃለች። የኔን የኋላ እቃ መጫኛ አየችና «እህቴ፣ ጤፍ ልታደርሺ ነው?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። «አንቺን ጭኜ እመለሳለሁ» አልኋት። አፌ አያርፍም እኮ።

መንገዱ አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ሄዶ መመለስ ነው። ገና ሁለት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ፣ ያቺ የተረገመች ካቴና ወለቀች! ወርጄ በእጄ ስመልስ ሁሉም እየሳቁ አለፉኝ። እጄ በግሪስ ጠቁሮ፣ ጥርሴን ነክሼ ተነሣሁ። ዳገቱ ሲመጣ ግን ወዮላቸው። አንዷን ደረስሁባት፣ ሁለተኛዋን፣ አምስተኛዋን። የመመለሻው ቦታ ላይ ዳኛው ቀይ ጨርቅ እጄ ላይ ሲያስሩልኝ «ከፊትሽ ፀጋ ብቻ ናት» አሉኝ። በመልሱ ጠጠር መንገድ ላይ ቀጭኑ ጎማዋ አስፈራትና ፍሬን በፍሬን ሆነች። የኔ ወፍራም ጎማ ምን ገዶት! ጥያት ሄድሁ። ስድስት ኪሎ ሜትር ሲቀር ዘወር ብዬ ሳይ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ርቃለች። ባሕር ዳርን በዓይኔ አየኋት።

ከዚያ ኩርባውን ስዞር ቀብር።

የቄሶቹ ጥላ ከፊት ይታያል፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ከኋላ ቆሟል። በኛ አገር አስከሬን ከቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ መንገድ ላይ ሰባት ጊዜ ያርፋል፤ ባረፈ ቁጥር ቄሶቹ ይጸልያሉ፣ ሕዝቡ ይቆማል። በበቅሎ የሚሄድ ሰው ካጋጠመው ይወርዳል። ሳይወርድ ያለፈ ሰው ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይነሣል። እኔ ደግሞ የቄስ ልጅ! ያውም አባቴ ከፊት መስቀል ይዘው!

ምነው ዛሬ፣ ምነው በዚህች ሰዓት አልሁ በሆዴ። ግን እግሬ ወርዷል። የራስ ቆቤን አውልቄ፣ ብስክሌቷን እየገፋሁ ከሴቶቹ ኋላ ሄጄ አንገቴን ደፍቼ ቆምሁ። እማዋይሽ የምትባል ጎረቤታችን ራሴ ባዶ መሆኑን አየችና ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥታ አለበሰችኝ። «ተባረኪ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ጸሎቱ አይሰማኝም። ቀስ ብለው እያሉ ይሆናል አልሁ። አንድ ደቂቃ ሄደ። «ቶሎ በሉ፣ በእናታችሁ» እላለሁ በሆዴ፣ ከዚያ «ይቅር በለኝ» እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ «ቶሎ በሉ!»

የጎማ ድምፅ ሰማሁ። ፀጋ ናት። ትወርዳለች ብዬ ስጠብቅ ዝግ አለች፣ ጎንበስ ብላ አማተበችና በሕዝቡ አጠገብ ሽው! ነውረኛ! ደሜ ፈላ። ሰዎቹ ደግሞ አንዳቸውም ምንም አላሏት። ሌላዋ መጣች፤ እሷም አማትባ አለፈች። ሦስተኛዋም። እኔ ብቻ ነኝ ወይ እግዚአብሔርን የምፈራው? ጮኼ ልሳደብ ምንም አልቀረኝ፤ ነጠላውን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ነከስሁት።

ይኼኔ ከፊት የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። «ይቺም አይደለችም! ኧረ ልጄ የት ቀረች? ወድቃ እንዳይሆን!» ሕዝቡን እየከፈሉ ወደ ኋላ መጡ። መስቀላቸውን በግራ፣ ጥላቸውን በቀኝ ይዘው፣ መንገዱን አሻግረው ወደ ኩርባው እያዩ በአጠገቤ ሊያልፉ ሲሉ ብስክሌቷን አዩ። ከዚያ እኔን፣ በነጠላ ተሸፋፍኜ።

«አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ለጸሎቱ ቆሜ ነዋ፣ አባዬ።»

«የምን ጸሎት? ጸሎት የለም እኮ! እማሆይን ያሳረፍናቸው አንቺ እስክታልፊ ነው!»

አየሁ። አሁን ገና ቀና ብዬ አየሁ። ሕዝቡ በሙሉ በመንገዱ ግራ ጠርዝ ላይ ነው የቆመው። ቃሬዛው እርሻው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። መንገዱ በቀኝ በኩል ለጥ ብሎ ባዶ ነው፤ ሰው ጠጠሩን ሳይቀር በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎታል። እነሱ እኔን ይጠብቃሉ፣ እኔ እነሱን እጠብቃለሁ።

«ምን ትጠብቂያለሽ፣ ውጪ!» ብለው ጮኹ። አባቴ ሲጮኹ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

ነጠላውን እንኳ ሳልመልስ ዘለልሁ። እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ስድስቱን ኪሎ ሜትር እያለቀስሁ፣ እየተሳደብሁ፣ ነጠላው አንገቴ ላይ እየተጠመጠመ ነዳሁ። ሰቆጣ መግቢያ ላይ የሦስተኛዋን ጀርባ አየሁ። ስታዲየሙ በር ላይ ትከሻ ለትከሻ ሆንን። ኃይሌን ሁሉ አሰባስቤ ፔዳሉን ስረግጥ፣ ካቴናዋ ወለቀች።

«አራተኛ» አሉ መዝጋቢው። «አይዞሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ነው።» ምኑ ነው ደህና?

የእማዋይሽን ነጠላ ለመመለስ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመለስሁ። ቀብሩ አልቆ ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጧል። አባቴ ከሩቅ አይተውኝ ተነሡ።

«ስንተኛ?»

«አራተኛ።»

ዝም አሉ። ያ ዝምታ መጣ ደግሞ! አልቻልሁም።

«ምን ነበረበት ቢነግሩኝ?» አልሁ፣ ሰው እየሰማ። «ጠዋት አንዲት ቃል! ‹መንገድ እናስለቅቅልሻለን፣ እለፊ› ቢሉኝ ምን ይጎድልብዎት ነበር? ሦስት ወር ሙሉ ቢቆጡኝ እንኳ!»

መስቀላቸውን ጫፍ ጫፉን በአውራ ጣታቸው እየጠረጉ መሬት መሬቱን አዩ። «በዓይኔ ስታልፊ ካየሁ በኋላ ልነግርሽ ነበር» አሉ። «መጀመሪያ ማለፍሽን ልይ ብዬ።»

የእማሆይ ልጅ አቶ ገብረ አምላክ ራሱን ተላጭቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። አባቴ ጠዋት ለምነውት እናቱን መንገድ ላይ ያሳረፈው እሱ ነው። ለወቀሳ አልመሰለኝም፣ እንዲሁ ለማወቅ ያህል ቀና ብሎ፣ «ሰው ሁሉ ሰባት ጊዜ ነው የሚያርፈው» አለኝ። «እናቴ ስምንት ጊዜ ዐረፉ። አላለፍሽም እንዴ?»

የእማዋይሽን ነጠላ ፊቴ ላይ አድርጌ እዬዬ ብዬ አለቀስሁ። ሴቶቹ መጥተው ከበቡኝ፣ «አይዞሽ፣ ዕድሜ ጠግበው ነው የሄዱት» እያሉ። ለእማሆይ የማለቅስ መስሏቸው።