ብረቱና የለውዝ ቅቤው ጠርሙስ

ፍሪጄ ውስጥ የሰው ዓይነ ምድር አድሯል። ምግብ ላይ ያላችሁ ካላችሁ፣ አፋችሁ ውስጥ ያለውን ዋጡና ተመለሱ፤ እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድም።

በእኛ ደርብ ላይ ፍሪጅ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ የጎረቤት ወተት፣ የጎረቤት ሥጋ፣ የጎረቤት የዓይን ጠብታ ሳይቀር እኔ ጋ ያድራል። እሱን ለምጄዋለሁ። ይህን ግን ማንም አይለምደውም።

ነገሩ የመጣው ከልብስ ሰፊዋ ነው። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ በያጅ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ብረቱ» ይለዋል፤ ብረት ስለሚበይድ ብቻ አይደለም፤ «ሆዴ ብረት ነው» እያለ ስለሚኮራ ነው። የሻገተ ዳቦ አራግፎ ይበላል። የኮመጠጠ ወተት «ይህማ እርጎ ሆኗል» ብሎ ይጨልጣል። አጠገቡ ተቀምጦ መብላት በራሱ ቅጣት ነው።

ባለፈው የዝናብ ወራት የፍሳሽ ቱቦና የውሃ ቱቦ አንድ ላይ ፈነዱና ሳናውቅ ጠጣን። ውሃው የበሰበሰ እንቁላል ይሸት ነበር፤ እኛ ግን «መድኃኒት ጨምረውበት ነው» ተባባልን። ሕንጻውን በሙሉ ተቅማጥ መታው። ለአንድ ደርብ አንድ መጸዳጃ ነው ያለን። ወለሉ፣ ግድግዳው፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር… ልተወው። ብቻ ሁላችንም ዳንን። ብረቱም ዳነ። እሷ ግን እስከ ዛሬ አልዳነችም።

አንድ ማንኪያ ሩዝ ስትቀምስ ሆዷ ይነፋል፤ ይቆርጣታል፤ ትሮጣለች። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉን እሰማለሁ፤ መስማት የማልፈልገውን ጭምር። ከስፌት መኪናዋ ላይ እየተነሳች መሮጧ ሲበዛ አለቃዋ «እስኪሻልሽ ቤትሽ ሁኚ» አላት። ብረቱ ደግሞ «እኔም ያንኑ ውሃ ጠጥቻለሁ፤ ታመምኩ፣ ተነሳሁ። አንቺ ሥራ ጠልተሽ ነው» ይላል። እሷ ሆድ ይፍጀው ትላለች። በመጨረሻ ሐኪሟ ምርመራ ስታዝላት ብረቱ ቁርጡን ነገራት፦

«ወረቀቱ ንጹሕ ነው ካለ፣ ወይ ሥራሽ ትገቢያለሽ፣ ወይ እናትሽ ቤት ትገቢያለሽ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሆድሽ አንድ ቃል አልሰማም።»

ምርመራው የዓይነ ምድር ነበር፤ አንጀት ተቆጥቶ እንደሆነ የሚያሳይ። የተሰጣት ብልቃጥ ክዳኑ ተሰነጠቀባት። ንጹሕ ሰው ናትና፣ የለውዝ ቅቤ ያለቀበትን ጠርሙስ በፈላ ውሃ ቀቅላ እሱ ውስጥ አደረገችው። በስስ ላስቲክ ጠቅልላ አመጣችልኝ።

«እትዬ፣ እስከ ነገ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ ብለውኛል» አለች ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

«ምንድን ነው?»

ነገረችኝ። እጄን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ። እምቢ እንዳልላት ደግሞ ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቷል።

«ከታች አድርጊው፤ ከወተቴ ይራቅ» አልኳት። ወተቱን ግን ደፋሁት።

በማግስቱ ጠዋት ብረቱ ወደ ሥራ ሲወጣ እንደ ልማዱ «እትዬ፣ ቀዝቃዛ ውሃ!» ብሎ ዘው አለ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሳህን አጥባለሁ። ፍሪጁ ሲከፈት ሰማሁ፤ ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ክዳን ሲዞር ሰማሁ።

«እትዬ! የለውዝ ቅቤ እያለሽ ትደብቂናለሽ?»

ዞርኩ። ቢላዬን ነክሮ ለምሳው የያዘው ዳቦ ላይ ቀብቷል። ወፈር አድርጎ። በሳሙና እጄ ልነጥቀው ዘለልኩ፤ አልደረስኩም። ወደ አፉ ሲያስጠጋው ሽታው ደረሰበት፤ መጀመሪያ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ከዚያ አፍንጫው ተሸበሸበ፣ ከዚያ የትናንት እራቱ በሙሉ ያጠብኳቸው ሳህኖች ላይ ወረደ። ቢላውን አልላስኩም ብሎ ይምላል። እኔ አብሬው አልምልም።

ጠርሙሱ ውስጥ የተረፈው ለላቦራቶሪው በቃ። ፍሪጁን በበረኪና አጠብኩት፤ ደግሜ አጠብኩት፤ ቢላውን ጣልኩት።

ውጤቱ የወጣ ዕለት አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና እንደ ምሥራች «ንጹሕ ነው!» አለች። የልጅቱ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«ምነው? ጥሩ ዜና እኮ ነው።»

«ለባሏ» አልኩ እኔ።

ነገሩን ስንነግራት ሐኪሟ ወንበሯን አስጠጋች። «እኔ ሕመም የለም አላልኩም» አለች። «አንጀት የራሱ ነርቮች አሉት፤ በግድግዳው ውስጥ እንደ ሽቦ የተዘረጉ። አጠገባቸው ተህዋስ የሚጠብቁ የመከላከያ ሕዋሳት አሉ። ነርቮቹን አቅፈው የሚደግፉ ሌሎች ሕዋሳትም አሉ። ተህዋስ ሲገባ ጠባቂዎቹ ኬሚካል ይረጫሉ፤ ነርቮቹ ይነቃሉ፤ ደጋፊዎቹም አብረው ይረበሻሉ። ተህዋሱ ሲሄድ ብዙ ሰው ላይ ሁሉም ይረጋጋል። አንዳንዱ ላይ ግን አይረጋጋም። ጠባቂዎቹ ለተራ ምግብም ይረጫሉ፤ ነርቮቹ ትንሿን ጋዝ እንደ ቢላ ይቆጥሯታል።»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» አልኳት።

ሳቀች። «እንደዚያ በሉት። ይህ ምርመራ ትልቁን ቁጣ እንጂ ይህን አያሳይም። ለምን አንዱን ለቆ ሌላውን እንደሚይዝ ገና በደንብ አናውቅም። ነርቩን የሚያበርድ መድኃኒት እሰጣታለሁ፤ ምግቧን እናስተካክላለን፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል።»

ቤት ስንደርስ ብረቱ ወረቀቱን ከእጇ ነጠቀ። «ንጹሕ! ይኸው!»

«ሐኪሟ ግን ሕዋሳቱ ገና…»

«ሕዋስ ምናምን አታምጪብኝ! ያልኩሽን ብያለሁ።»

ከአልጋ ሥር ሻንጣዋን ስባ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። የእናቷ ቤት ሩቅ ነው፤ ከሄደች እንደማትመለስ ሦስታችንም እናውቃለን።

ብረቱን ላሾፍበት ብዬ ከሱቅ የገዛሁት አዲስ የለውዝ ቅቤ ነበረኝ። ከፍሪጄ ይዤው መጣሁና ከዳቦ ጋር ፊቱ አስቀመጥኩለት።

«ብላ እንጂ፤ ሲጮህ የዋለ ሰው ይርበዋል።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «አንሺልኝ።»

«ምነው? ክዳኑ እንኳ አልተነካም። እየው፣ እሽጉን።» በጥፍሬ ቋ ቋ አደረግኩት።

«እትዬ፣ በናትሽ!»

«ያኛው ጠርሙስ እኮ የቆሻሻ መኪና ወስዶታል። ደግሞ ያንተ ሆድ ብረት ነው።»

«ንጹሕ መሆኑንማ አውቃለሁ! ሆዴ ነው እንጂ እምቢ ያለኝ፣ እኔ መች…»

አልጨረሰውም። ባልዲው ላይ ተደፋ። ቀና ሲል ወረቀቱ አሁንም እጁ ላይ ነው፤ ያስመለሰው ጥጉን አርሶታል።

እሷ ያጠፈችውን ቀሚስ እንደያዘች ቆማ ታየዋለች።

«ምን አልክ?» አለችው።

አንድ እርምጃ ቀረበችው።

«ንጹሕ መሆኑን ታውቃለህ፤ ሆድህ ነው እምቢ ያለህ። እንዲያ ነው ያልከው?»

አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። የእሱ ማስመለስና የእሷ ቁርጠት አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሐኪሟ ብትሰማኝ ትስቅብኝ ነበር። እሱ ግን ባልዲውን አየ፣ ወረቀቱን አየ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚይዝሽ?» አላት።

«ከዚህ የባሰ።»

ሻንጣውን በእግሩ ገፋ አድርጎ አልጋው ሥር መለሰው። ከዚያ ባልዲ ነክቶ የማያውቀው ሰውዬ ባልዲውን አንጠልጥሎ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ሊያጥበው ወጣ። እየሄደ ሁለተኛ ሲያስመልስ በግድግዳው በኩል ሰማነው። እሷ አፏን በቀሚሷ ሸፍና ሳቀች።

ኋላ አለቃዋ ዘንድ ሄዶ የስፌት መኪናዋን እዚያው ሥራ ቦታዋ ካለው መጸዳጃ አጠገብ አስደረገላት። ቁርጠቱ አልለቀቃትም፤ ጋብ ይላል፣ ይነሳል። ቤት ውስጥ ስትሮጥ ግን አሁን በሩን የሚከፍትላት እሱ ነው።

አዲሱ ጠርሙስ እንደታሸገ እኔ ጋ አለ። እኔም ልከፍተው አልቻልኩም።