ሁለት ግማሽ አንባቢዎች

መጽሐፍ ሲታመም ከኋላው ነው የሚጀምረው። አንባቢው ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ያስተኛዋል፤ የጀርባ ሽፋኑ የእጅ ላብም የፈሰሰ ሻይም ይጠጣል፤ ክሩ ይላላል፤ ከዚያ የመጨረሻዎቹ ገጾች አንድ በአንድ እየተነቀሉ የት እንደገቡ አይታወቅም። ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችው የጥረዛ ክፍል እንጀራዋን የምታገኘው ከዚህ በሽታ ነው።

ክፍሏ ውስጥ ዋናው ጠራዥ፣ ሴት ልጁና የእህቱ ልጅ ይሠራሉ። ጠራዡ ሽፋን ያለብሳል። የእህቱ ልጅ የተረፈውን ደህና ክፍል ፈትቶ፣ አጽድቶ እንደገና ይሰፋል። ሴት ልጁ ደግሞ ያልተጎዳ ቅጂ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ተውሳ የጎደሉትን የመጨረሻ ገጾች ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፤ ገጽ እንዳይዘለልም መስመር በመስመር ታነባቸዋለች።

ሥራው እንዲህ በመከፋፈሉ፣ የእህቱ ልጅ መደርደሪያ ሙሉ የጀብዱ ልብ ወለድ አንብቦ አንድም መጨረሻ አያውቅም። ልጅቷ ስንቱን መጨረሻ አንብባ አንድም መጀመሪያ አታውቅም። መጽሐፉ ተጠርዞ ሙሉ ሲሆን ያን ዕለት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይመለሳል፤ እነሱም ወደ ቀጣዩ በሽተኛ ያልፋሉ።

በእሱ ገጾች ላይ ወጣቶች በመስኮት ከቤት ይጠፋሉ፣ መርከብ ላይ ይንጠላጠላሉ፣ ከገደል ጫፍ ቆመው የሕይወትን ትርጉም ይጠይቃሉ። በእሷ ገጾች ላይ እነዚያው ወጣቶች ይቀበራሉ፤ ያልተቀበሩትም በአንድ እግራቸው ተመልሰው መስኮት ሥር ይቀመጣሉ። ስለዚህ እሱ «ካፒቴን» ተባለ። ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት። እሱም ብድሩን መልሶ «ሟርቴ» አላት።

«ዛሬ ማን ሞተ፣ ሟርቴ?» ይላታል ጠዋት ጠዋት፣ መርፌው ውስጥ ክር እያስገባ።

«ያ ቀይ ሸሚዝ የሚለብሰው ልጅ።»

«ውሸት! አሁን እኮ ፈረስ ሰርቆ ሲጋልብ ነው የተውኩት!»

«እኔ ጋ ሲደርስ ፈረሱ ብቻውን ነው።»

አንድ ቀን ካፒቴን መርፌውን አስቀምጦ ተነሳ። «እሑድ ወንዙን እወርደዋለሁ» አለ። «ታንኳ እየሠራሁ ነው። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ማን እንደሆነ አያውቅም።»

«የጥረዛ ሠራተኛ ነህ። ሳትወጣ ነገርኩህ።»

«እዚሁ የሰው መጽሐፍ ስሰፋ ልሙት?»

«መሞትህ ካልቀረ እዚህ ደረቅ ነው።»

 እንዲህ ብለው የተነሱ ልጆች የት እንደሚደርሱ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አባቷ ጋ ሄደች።

«አባዬ፣ ወንዝ ሊገባልህ ነው።»

ጠራዡ ቀና ሳይል ካርቶን መቁረጡን ቀጠለ። «ዋና ይችላል። የማትችዪው አንቺ ነሽ። እሱን ከከለከልኩት ደግሞ ሳይሄድ የቀረበትን ጉዞ ዓመቱን ሙሉ ሲተርክልን ነው የሚከርመው። እርጥቡን ብናየው ይሻላል።»

ሟርቴ አልተሻላትም። እሑድ ገመድ ይዛ ወጣች። እሱ በውሃው ሲወርድ እሷ በዳርቻው ልትከተለው ነው።

ታንኳዋ ከተጣለ መደርደሪያ ጣውላና ከባዶ ጀሪካኖች የተሠራች ናት። ጀሪካኖቹ ከየጣውላው ሥር በሰም በታሸ የመጽሐፍ ክር፣ በመጽሐፍ ስፌት፣ አንድም ጥልፍ ሳይዛነፍ ተሰፍተዋል። ጣውላዎቹ እርስ በርስ የተያያዙት በጥረዛ ክፍሉ ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ ከዱቄት የሚቦካ ሲሆን፣ ጠራዦች የሚወዱት ውሃ ሲነካው ስለሚለቅ ነው፤ ነገ ሌላ ጠጋኝ ቢመጣ ወረቀቱን ሳይቀድ መፍታት ይችላል። ካፒቴን ይህን በእንቅልፍ ልቡ ያውቀዋል። ለመጽሐፍ ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ታንኳዋ አማረባት። ካፒቴን ቆሞ፣ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ ማንም የሌለበትን አድማስ ቃኘ።

«ትርጉሙ ታየህ?» ብላ ጮኸች ሟርቴ ከዳር።

«ሊታየኝ ነው! ዝም በይ!»

ከዚያ የኋለኛው ጣውላ ቀስ ብሎ ተላቀቀና ሄደ። ቀጥሎ ያለው ተከተለው። ታንኳዋ ሳትቸኩል፣ በሥርዓት ተፈታች። ወንዙ በሚታጠፍበት፣ ሸምበቆ ከዳርቻው ሆኖ ለሚያይ በሚከልልበት ቦታ ካፒቴን የቆመበት ጣውላ ብቻ ቀረ። ሟርቴ ከሸምበቆው ወዲህ ሆና ያየችው የመጨረሻ ነገር ወደ ላይ የተዘረጉ ሁለት እጆች ነበሩ።

ካፒቴን ሁለት ጊዜ ቀዝፎ ሸምበቆው ሥር ደረሰ። ውሃው እዚያ ወገቡ ድረስ ብቻ ነው። «አለሁ!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን ድምፅ ከማውጣቱ በፊት አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለት። ዕድሜውን ሙሉ ያላገኛቸው የመጨረሻ ገጾች አሁን እዚሁ ሊነበቡ ነው። የጠፋው ራሱ ነው፤ የምታለቅሰው ደግሞ መጨረሻን ከማንም በላይ የምታውቀው ሟርቴ። «እስቲ እንዴት አድርጋ እንደምታለቅስልኝ ልይ» ብሎ እስከ አገጩ ውሃ ውስጥ ተቀመጠ። እየሳቀ ነበር።

ሟርቴ እየሮጠች መጣች። አላለቀሰችም። አንድ ጊዜ ጠራችው፤ «ካፒቴን» ብላ ሳይሆን በልጅነቱ እናቱ በምትጠራው ስም። የሚንሳፈፉትን ጀሪካኖች በዓይኗ ለቀመች። ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስቀመጠች። የገመዱን ጫፍ ከዛፍ ላይ አሰረች፣ ስባ ፈተነችው፣ ሌላውን ጫፍ ወገቧ ላይ አሰረችና ገባች። ጉልበቷ ጋ ገመዱ አለቀ። ወደ ኋላ ዞራ ገመዱን አየችው፣ የቀረውን ውሃ አየችው፤ ከዚያ ወገቧ ላይ ያለውን ቋጠሮ ፈታችው።

ካፒቴን መሳቁን ተወ። ግን አልተነሳም። «አሁን ትመለሳለች» አለ በልቡ። እሷ በእግሯ መሬቱን እየዳሰሰች፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ምንም ቦታ ሳትዘል ወደ ጥልቁ ሄደች። ውሃው ወገቧ ደረሰ፤ ደረቷ ደረሰ። ከዚያ እግሯ ስር የነበረው መሬት ከዳትና ራሷ ጠለቀ።

ካፒቴን በሕይወቱ እንደዚያን ዕለት ዋኝቶ አያውቅም።

ዳር ላይ ጎትቶ ሲያወጣት እያሳላት ውሃ ተፋች፣ ቀጥሎ አየችው።  ፀጉሩ ላይ የሸምበቆ ቅጠል ተጣብቋል። ዓይኗን ወደ ሸምበቆው አዞረች፤ ሰው ተቀምጦበት የተጋደመው ሸምበቆ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ ሆኖ ለሚያይ እሷ የገባችበትን ቦታ ምንም አይጋርደውም።

«እዚያ ነበርክ።»

«ለትንሽ ጊዜ ነው።»

«እያየኸኝ።»

«መጨረሻውን ልይ ብዬ እኮ ነው» አለ፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም አስጠላው። «አንቺ ሁልጊዜ ታዪው የለ?»

በጥፊ ትለኛለች ብሎ ፊቱን አዘጋጀ። እሷ ግን ቀሚሷን ጨመቀች፣ ጫማዋን አደረገች፣ ገመዱን ከዛፉ ፈትታ ጠቀለለችና ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። እሱ ጫማ ስላልቀረለት ጠጠር እየመረጠ ተከተላት።

«ስደቢኝ እንጂ።»

እርምጃዋን አፈጠነች።

«እሺ ምቺኝ። ይኸውልሽ ጀርባዬ።»

«ውሃው ውስጥ ሆኜ ለእናትህ ምን እንደምላት እያሰብኩ ነበር» አለች ሳትዞር። «አክስቴን አውቃታለሁ። በር ከፍታ ፊቴን ካየች አበቃ። ስለዚህ ሳትከፍት የሚነገራት መሆን ነበረበት፤ አጭርም መሆን ነበረበት። ደረቴ ጋ ሲደርስ አገኘሁት። አንድ ቃል የሚቀነስለት አልነበረም።»

ካፒቴን ቆመ። «ምን የሚል ነው?»

«ምን ያደርግልሃል? አልሞትክም።»

«ስለ እኔ አይደለም እንዴ?»

«ላንተ አይደለም።»

መንገዱን ሙሉ ለመናት። የክፍሉን ወለል ለብቻዬ ልጥረግ አለ። ሙጫውን ሁልጊዜ እኔ ላቡካ አለ።

«ሙጫ አታንሳብኝ።»

«እሺ አንድ ነገር ብቻ። ደፋር ነበር የሚል አለበት?»

«የለበትም።»

«መልከ መልካምስ?»

ያን ጊዜ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ለቅሶው መጣ፤ ሸምበቆ ውስጥ ሆኖ ይጠብቀው የነበረው ለቅሶ አሁን መንገድ ዳር፣ አፍንጫዋን በእርጥብ እጅጌዋ እያስጠረገ መጣ። ካፒቴን የት ማየት እንዳለበት ጠፋው። መሬት መሬት አየ።

ዓረፍተ ነገሩን አልነገረችውም። ይህ ሁሉ ካለፈ ቆይቷል፤ እሱም ተስፋ አልቆረጠም። ሟርቴ ከእናቱ ጋር ስታወራ የያዘውን ጥሎ ጆሮውን ያቆማል። እሷም ይህን ስለምታውቅ አንዳንዴ የአክስቷ በር ላይ ቆም ትላለች፤ ሳይከፈት በፊት ትንፋሿን ስባ «አክስቴ…» ትላለች፤ ጓሮ ያለው ካፒቴን እንደ ድንጋይ ሲደርቅ ጠብቃ፣ ቀስ ብላ፣ «ጨው አለሽ?» ትላለች።